ኦገስትን የሚችለው የቱ ነው? ብዙም የማይታወቁ የጃፓን ሜፕሎች ለአትላንታና ለቴክሳስ ጓሮ

ኤፕሪል ላይ የችግኝ መሸጫ ነርሰሪ ስትገቡ የማያምር የጃፓን ሜፕል አታገኙም። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ነጭ ዥንጉርጉሩም ቅጠሉ ገና ስለወጣ ዓይን ይስባል። ዛፎቹ የሚለዩት ኦገስት ላይ ነው። ያኔ አንዱ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሎ ይኮማተራል። ሌላው ቀይነቱ ጠፍቶ ወደ ቡኒ ይዞራል። ሦስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ይህ ጽሑፍ ሦስተኛውን ለሚፈልጉ ነው።

አትላንታ ዙሪያ፣ ዳላስ ወይም ሂውስተን ቤት የገዛ ሰው ከበሩ ፊት አንድ ቆንጆ፣ ግዙፍ ያልሆነ ዛፍ ቢፈልግ አይገርምም። ወደ ትልልቆቹ መደብሮች ሲሄድ የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ብለድጉድ የሚባለውን ቀይ ዝርያ ነው፤ ካልሆነም ሌላውን ቀይ፣ ክሪምሰን ኩዊንን። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ነገር ግን የጃፓን ሜፕል ስም የወጣላቸው ከ1000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ለደቡቡ ሙቀት ከሚሻሉት ውስጥ ብዙዎቹ መደብር ውስጥ አይገኙም፤ ከሜፕል አብቃዮችና ከአካባቢ ነርሰሪ ጠይቆ መፈለግ ያስፈልጋል።

ቀይ ወይስ አረንጓዴ?

ሰው ሁሉ ቀዩን ይፈልጋል። እኔ ግን ለሞቃት አገር አረንጓዴውን ውሰዱ ባይ ነኝ። ምክንያት አለኝ።

ቅጠሉን ቀይ የሚያደርገው አንቶሳያኒን የሚባል ቀለም ነው። ዛፉ ይህን ቀለም በደንብ ለመሥራት ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥ ስትተክሉት ወደ አረንጓዴ ቡኒ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ስታወጡት ደግሞ የከሰዓቱ ሙቀት ቅጠሉን ይጠብሰዋል። በዚያ ላይ ሌሊቱም የሚሞቅበት አገር ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል። ዳላስ በጁላይ ሌሊቱ ከ25 ሴልሺየስ ሳይወርድ ሊነጋ ይችላል። ብለድጉድ እዚያ በጁን አጋማሽ መደብዘዝ ቢጀምር ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

አረንጓዴው ይህ ጣጣ የለበትም። ጥላ ውስጥም አረንጓዴ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ላይም አረንጓዴ ነው። ቀዩን የምትወዱ ከሆነም አትቀሩም፤ በመከር እሱም ይቀላል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት የዞን ቁጥር ነው። መለያው ላይ "ዞን 5 እስከ 8" የሚል ይጻፋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ዞን የሚለካው የክረምቱን ዝቅተኛ ብርድ ብቻ ነው፤ ስለ በጋ ሙቀት አንድም ነገር አይነግራችሁም። ሲያትልም ሂውስተንም ዞን 9 ውስጥ ይገባሉ። ሲያትል ለዚህ ዛፍ ገነት ነው። ሂውስተን ደግሞ ፈተና ነው። ስለዚህ ዞኑ ይስማማል ብላችሁ ብቻ ካርድ አታውጡ።

ከፍ የሚሉት፦ ግሎዊንግ ኢምበርስ፣ ኦሳካዙኪና ሆግዮኩ

ከሦስቱ መጀመሪያ ዓይናችሁን እንድትጥሉበት የምፈልገው ግሎዊንግ ኢምበርስ ነው። ይህ እንደ ብዙው ችግኝ ከኦሪገን ቅዝቃዜ የመጣ አይደለም። የተመረጠው እዚያው ጆርጂያ፣ አቴንስ ከተማ ባለው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሙቀቱና ከእርጥበቱ ጋር አብሮ ያደገ ዛፍ ማለት ነው። 2005 ላይም የጆርጂያ የወርቅ ሜዳሊያ ተክል ተብሎ ተሸልሟል። ቅጠሉ ትንሽ ነው፤ ቶሎ ያድጋል። ከጊዜ ብዛት ወደ 9 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። በመከር ቅጠሎቹ አንድ ላይ ቀለም አይለውጡም። አንዱ ቅርንጫፍ ብርቱካንማ ሲሆን ሌላው ቢጫ፣ ሌላው ወይን ጠጅ ይሆናል። ድክመቱ ግልጽ ነው። በበጋ ስታዩት ተራ አረንጓዴ ዛፍ ይመስላል። ጎረቤት ቆም ብሎ "ይሄ ምንድን ነው?" አይላችሁም። ከኖቬምበር በፊት ማለቴ ነው።

ኦሳካዙኪ ለመከር ቀይነቱ ስም ያወጣ አሮጌ ዝርያ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ይላል፤ ቁመቱ 5 ወይም 6 ሜትር ገደማ ነው። ጥቅሙ ከፊል ጥላ ውስጥ ሆኖም ደማቅ ቀይ መሆኑ ነው። ቤታችሁ በስተምሥራቅ ትልቅ ኦክ ካለበት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ከግሎዊንግ ኢምበርስ ጋር ሲነጻጸር የቀጥታ ፀሐይ ችሎታው ያንሳል።

ሆግዮኩን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ፍለጋውም ያደክማል። ቅጠሉ ወፈር ያለ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ውፍረቱ በሙቀት ይጠቅመዋል። በመከር ወደ ደማቅ ብርቱካንማ ይዞራል። 4 ወይም 5 ሜትር ላይ ስለሚቆም ለትንሽ ግቢ ከሦስቱ የሚመቸው እሱ ነው። ቴክሳስ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሆግዮኩ ነበር።

ዳንቴል ቅጠሎቹ፦ ሴይርዩ፣ ታሙኬያማና ኦሬንጆላ

ቅጠላቸው እንደ ዳንቴል የተሰነጣጠቀው ሜፕሎች በአብዛኛው ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ናቸው። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ሙቀት የሚጎዳቸውም ለዚያ ነው። ሴይርዩ ከነዚህ ይለያል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያድግ አረንጓዴ ዳንቴል ነው፤ እንዲህ ያለ ብዙ የለም። 3 ወይም 4 ሜትር ይደርሳል። ፀሐይ ከዘመዶቹ ሁሉ በተሻለ ይችላል። መከር ላይ ወርቅማ፣ ብርቱካንማና ቀይ ይሆናል። ከዳንቴሎቹ አንድ ብቻ ልግዛ ካላችሁ ሴይርዩን ያዙ።

"የለም፣ ቀይና ተንጠልጣይ ነው የምፈልገው" ለሚል ታሙኬያማ አለ። አሮጌ ዝርያ ነው፤ በጃፓን መዝገቦች ስሙ ከ1710 ጀምሮ ይታወቃል። ከቀዮቹ ዳንቴሎች ውስጥ በደቡቡ እርጥብ ሙቀት ቀለሙን ረዘም ላለ ጊዜ ከሚይዙት አንዱ ነው። ክሪምሰን ኩዊንንና ታሙኬያማን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ያለማመንታት ታሙኬያማን ውሰዱ። ቦታ ግን አዘጋጁለት። ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሰፋው፤ ከ2 ሜትር ብዙም አይረዝምም፣ ስፋቱ ግን 3 ሜትር ይደርሳል። ከመግቢያው አጠገብ ተክላችሁት ከአሥር ዓመት በኋላ መንገዱን ቢዘጋ እንዳታማርሩ።

ኦሬንጆላ መሃል ላይ ያለ ነው። ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል፤ በበጋ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ደግሞ ጫፉ እንደገና ይቀላል። ቀለሙ አንድ ሆኖ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ያናድደዋል። እኔ ወድጄዋለሁ።

ሺሺጋሺራ፣ ለትዕግሥተኛ

ይህን ዛፍ በሥዕል አይቶ የሚወደው ሰው ትንሽ ነው፤ በአካል ማየት ያስፈልጋል። ቅጠሎቹ ትንንሽ፣ የተጨማደዱና ወፍራም ናቸው። ቅርንጫፉ ላይ ተደራርበው ስለሚበቅሉ እንጨቱ ራሱ አይታይም። እጃችሁን ስትነኩት ጠንከር ያለ ነገር ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሜፕሎች አይልፈሰፈስም። ያ ጥንካሬ ነው ለፀሐይ የሚያተርፈው። ብዙ ዝርያዎች ጫፋቸው በሚቃጠልበት ሰዓት እሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በመከር ቀለም የሚለውጠውም ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እድገቱ ቀርፋፋ ነው። በጣም ቀርፋፋ። ሰው ቁመት የሚያህል ሺሺጋሺራ ሲሸጥ ካያችሁ አብቃዩ ብዙ ዓመት ጠብቆበታል፤ ዋጋውም ይህን ይነግራችኋል። በረንዳ ላይ በትልቅ ማሰሮ ለሚያሳድግ አፓርታማ ነዋሪ ግን ቀርፋፋነቱ በረከት ነው። ማሰሮውን ቶሎ ቶሎ መቀየር የለባችሁም።

የሚያማልሉ ግን የሚያስለቅሱ

ኡኪጉሞ ነጭ፣ ሮዝና አረንጓዴ ተቀላቅሎበት ሲታይ ልብ ይወስዳል። ነጩ የቅጠሉ ክፍል ክሎሮፊል የለውም፤ መጀመሪያ የሚቃጠለውም እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጣራ ጥላ ከሌላችሁ እለፉት። ፐርፕል ጎስት ጥቁር የደም ሥር ያለው ወይን ጠጅ ቅጠል ነው፤ ድንቅ ነው፤ ግን የከሰዓት ጥላ የግድ ይላል። በግንዱ ቀይነት የሚታወቀው ሳንጎ ካኩ አትላንታ ላይ ይኖራል፤ ሆኖም ቅርንጫፉ እየጠቆረ የመድረቅ አመል አለው። ወርቃማው የሺራሳዋ ሜፕል፣ ኦውሬዩም የሚባለው፣ ለቀዝቃዛ አገር የተፈጠረ ነው። ዳላስ ላይ ገዝቶ መትከል ገንዘብ መጣል ነው።

ስትገዙ

ስም ያላቸው ዝርያዎች ከዘር አይበቅሉም። የተፈለገው ቅርንጫፍ ተቆርጦ በተራ አረንጓዴ ሜፕል ሥር ላይ ይገጠማል፤ ግራፍት የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ግንዱን ዝቅ ብላችሁ እዩት። ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ እንደ ጠባሳ ይታያል። ጠባሳው የዳነ፣ ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ከጠባሳው በታች ቅርንጫፍ ከወጣ የሥሩ እንጂ የገዛችሁት ዝርያ አይደለም። ቶሎ ካልቆረጣችሁት ውድ ዛፋችሁን ይውጠዋል። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ ችግኙን ከማሰሮው ሳብ አድርጉት። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ግድግዳ ከሠራ ተዉት።

ባለ 1 ጋሎን ችግኝ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዶላር ውስጥ ይገኛል፤ ብርቅ ዝርያ ከዚያ ያልፋል። ለጀማሪ ግን ባለ 3 ጋሎኑን እመክራለሁ። የ1 ጋሎኑ ሥር ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያውን የቴክሳስ በጋ መሻገር ይከብደዋል።

ጊዜው ከዋጋው ይበልጣል። ብዙው ችግኝ የሚመጣው ከኦሪገን ነው። ማርች ላይ ለስላሳ ቅጠል አውጥቶ ይደርሳል፤ ከሁለት ወር በኋላ 35 ሴልሺየስ ይጠብቀዋል። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ግዙ። ዋጋም ብዙ ጊዜ ያኔ ይቀንሳል፤ ሥሩም ክረምቱን ሙሉ ይሠራል። በነገራችን ላይ "አዲስ አበባ ልላከው?" የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ይህ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ለወራት በብርድ መተኛት አለበት። አዲስ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል እንጂ እንዲህ ያለ ክረምት የለውም።

ስትተክሉ

ቦታው ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ይሁን፤ የቤቱ ምሥራቅ ወይም ሰሜን ጎን ማለት ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ የጡብ ግድግዳ ሥር አትትከሉ፤ ጡቡ ሙቀቱን እስከ ማታ ይተፋዋል። ምዕራብ ብቻ ካላችሁ የጃፓኑን ተዉትና ትራይደንት ሜፕል ወይም ሻንቱንግ ሜፕል ፈልጉ። ሁለቱም ሙቀት ይችላሉ።

ቲማቲም ወይም ቃሪያ ጠውልጎ የሞተበት መደብ ላይም አትትከሉ። ቨርቲሲሊየም የሚባለው የአፈር ፈንገስ እነዚህንም ሜፕሉንም ይገድላል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። የጎመን መደቡም አይሆንም። ጎመን ፍግና የዕለት ውሃ ይወዳል፤ ሜፕል ሁለቱንም አይወድም።

የጆርጂያ ቀይ ሸክላ አሲድነቱ ይስማማል፤ ውሃ ግን ይይዛል። ጉድጓዱን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አታድርጉት። የችግኙ ሥር የያዘው አፈር አናት ከመሬቱ 5 ወይም 8 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ሂውስተን ላይ ከዚያም በላይ። ዳላስ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። አፈሩ ኖራ የበዛበት ጥቁር ሸክላ ነው፤ የቧንቧ ውሃው ጨውም ቅጠሉን ከጫፍ ያቃጥላል። ብዙ የዳላስ ሰው "ፀሐይ ጎዳው" የሚለው ጉዳት ከፊሉ የውሃው ነው። የዝናብ ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ከቻላችሁ ለሜፕሉ ስጡት። በየቀኑ ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በጥልቀት አጠጡ። ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካ። በኦገስት ማዳበሪያ አትስጡ፤ ለስላሳ ቅጠል አስወጥታችሁ ለፀሐይ ማቅረብ ነው የሚሆነው።

ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች ላይ ግንዱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከግንዱ ላይ እንደ ስንጥር የቀጠነ፣ ስትነኩት የሚፈርስ የእንጨት ዱቄት ወጥቶ ከቆመ አምብሮዚያ ጥንዚዛ ገብቷል። ጥንዚዛው ራሱ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጥም። አንዴ ከገባ የሚያወጣው መድኃኒት የለም፤ ከመግባቱ በፊት በግንዱ ላይ የሚረጭ መከላከያ ብቻ ነው ያለው። አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ዛፉ ሊተርፍ ይችላል። ከዚያ ከበዛ ነቅላችሁ አስወግዱት። ጥንዚዛው የሚመርጠው የተጨነቀ ዛፍ ነው። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲታፈን ዛፉ አልኮል ያወጣል፤ ጥንዚዛውም በዚያ ሽታ ይመጣል። ስለዚህ በዝናብ ማግስት ወጥታችሁ ሥሩ ዙሪያ ውሃ ተኝቶ ካያችሁ፣ ዛፉ ቅጠሉን እንዳራገፈ አንሱትና ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ትከሉት።