የጂሲ መጽሔት «ሙሉ ፓኬጅ»፦ ፎቶው ይመሰገናል፣ ጥራዙ ይፈተሽ

የመጨረሻው ሴሚስተር ሲቃረብ የተመራቂዎችን መጽሔት የሚያሳትመው የጂሲ (የተመራቂ ባች) ኮሚቴ አባላት ስልክ ማረፊያ ያጣል። ፎቶ ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ ገዋን አከራዩም «ሙሉ ፓኬጅ አለን» ይላል፦ የገዋን ፎቶ፣ ዲዛይን፣ ህትመት፣ አንዳንዴም ቲሸርትና በፍሬም የገባ የባች ፎቶ በአንድ ዋጋ። ይህ ግምገማ የአገልግሎቱን ዓይነት እንጂ የአንድን ቤት ስም አይመለከትም።

ከፓኬጁ ገንዘቡን የሚያወጣው ፎቶው ነው። መብራትና ባክግራውንድ ይዘው ግቢ ድረስ ይመጣሉ፤ በስልክ ካሜራ የሚተካ ሥራ አይደለም። አንድ ተመራቂ ገዋን ለብሶ፣ ቆቡን አስተካክሎ እስኪነሳ 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 120 ተማሪ 6 ሰዓት ይወስዳል። መብራት የሚጠፋበትን፣ ዘግይቶ የሚመጣውን፣ ገዋኑ የሚያጥረውን ስትጨምሩ ሁለት ቀን ነው፤ «በአንድ ቀን እንጨርሳለን» የሚላችሁን አትመኑ። ባክግራውንዱ ጥቁር ከሆነ ጥቁሩ ገዋን ይዋጥና ፊት ብቻ ተንሳፎ ይቀራል። ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሻላል።

ትልቁ ጥፋት የሚፈጠረው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው። ካሜራው ለፋይሉ የሚሰጠው ተራ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ስም ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛ የሆነው ልጅ ከቀረ ወይም አንዷ ሁለቴ ከተነሳች ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ ደረጃ ይንሸራተታል፤ የአበበ ፊት ከአልማዝ ስም ሥር ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የአይዲ ቁጥሩን በወፍራም ማርከር ወረቀት ላይ ጽፎ መጀመሪያ ወረቀቱን ይዞ ይነሳ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ሳይዝ። ፋይሉም በአይዲ ቁጥር ይሰየም። ስሙን ደግሞ ከሬጅስትራር ዝርዝር ቅዱ፤ ፀሐይና ጸሃይ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለዲዛይነሩ አንድ ናቸው፣ ለባለቤቱ ግን አይደሉም።

ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዋጡት የዶርምና የጉዞ ፎቶ ሌላ ጣጣ አለው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎኑ 1,280 ፒክስል ገደማ ሆኖ ይደርሳል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ይህ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ነው፦ ለትንሽ ፎቶ ይበቃል፣ የኤ4 ገጽ ለሚሞላ የባች ፎቶ ግን ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ይላክ በሉ። የባች ፎቶውን በሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ዲዛይን ካመጡላችሁም እንቢ በሉ፤ መሐል የቆሙት ሦስት አራት ልጆች ጥራዙ ውስጥ ይገባሉ፣ ከአንዱ ግማሽ ትከሻ ብቻ ይተርፋል።

ዲዛይኑ መካከለኛ ነው፤ አብዛኛው ቤት የአምናውን ቀለም ቀይሮ ያመጣል። አማርኛ ላይ ግን ንቁ። የድሮ የግዕዝ ፎንት የሚጠቀም ዲዛይነር ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲያሻግር ፊደሉ ሳጥንና የላቲን ቁርጥራጭ ይሆናል። በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበበውን ዩኒኮድ ፎንት ይጠቀም፣ ለህትመት የሚሄደውም ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ የያዘ ይሁን። ላስት ወርድ (ተማሪው ከፎቶው ሥር የሚያሰፍረው የስንብት ቃል) ከ25 ቃል አይብለጥ፤ ያለዚያ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። አንድ ገጽ ላይ ስድስት ሰው «ሁሉም ያልፋል» ሲል ማየት ደግሞ ያስቃል፤ ኮሚቴው ቀደም ብሎ ሰብስቦ ቢያነብ ባይ ነን።

ህትመቱ ላይ ውጤቱ ከቤት ቤት በጣም ይለያያል። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ነውና ገጽ ስታሰሉ በአራት መካፈሉን እዩ። 120 ተማሪ በአንድ ገጽ ስድስት ስድስት ሆኖ 20 ገጽ፣ መልእክት 2፣ መምህራንና ሠራተኞች 4፣ ትዝታ 14፤ 40 ሞላ። አንድ ገጽ ብትጨምሩ 44 ይሆንና ሦስት ባዶ ገጽ ይተርፋል። ውስጡ 128 ወይም 150 ግራም አርት ፔፐር (የሚያብረቀርቅ ወረቀት)፣ ሽፋኑ 300 ግራም ባለላሚኔሽን ጥሩ ነው። 40 ገጽ በስቴፕል ይያዛል። ከ64 ገጽ በላይ ሲሆን በሙጫ ብቻ የሚያጣብቁት ጥራዝ ይመጣል፤ የሚያሳፍረው ይህ ነው። ሙጫው የሚያብረቀርቀውን ወረቀት በደንብ አይዝም፣ መጽሔቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተዘርግቶ ሲከፈት ገጹ ይረግፋል። በክር ይሰፋ በሉ፣ ጭማሪውን ክፈሉ። ስክሪን ላይ ያማረ ፊት ወረቀት ላይ ይጠቁራልና ከመፈረማችሁ በፊት በራሱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ናሙና ጠይቁ።

ዋጋ ሲነግሯችሁ ቫት ይጨምራል ወይ በሉ፤ 15 በመቶ ቀላል አይደለም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የወረቀት ዋጋ ስለማይረጋ ፕሮፎርማው የሚጸናው ለጥቂት ቀን ነው። ቀብድ 40 በመቶ፣ ፕሩፍ (ከህትመት በፊት የሚታየው የመጨረሻ ናሙና) ሲፈረም 30፣ ቀሪው ሳጥኑ ተከፍቶ ከተቆጠረ በኋላ። ግማሹን በቀብድ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ተከራከሩ።

የጊዜ ጉዳይ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ። ሰኔ ላይ ሁሉም ለጥናት ስለሚደበቅ ፎቶው መጋቢት፣ ፕሩፉ ሚያዝያ ማለቅ አለበት። መጽሔቱ የሚዘጋው ውጤት ሳይታወቅ ነውና ሽፋኑ ላይ «ተመራቂዎች» ከማለት «የ2018 ባች» ማለት ይሻላል። ያላለፈ ልጅም መጽሔቱን ሳይሸማቀቅ ይይዘዋል።

ፓኬጁ ፈጽሞ የማያስበው ግቢው ውስጥ የሚቀሩትን ነው። የዲፓርትመንቷ ጸሐፊ፣ የላብ ቴክኒሻኑ፣ የላውንጅ እናቶች፣ የበሩ ዘበኛ አራቱ የሠራተኛ ገጾች ላይ ይግቡ፤ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ባች የሚያውቃቸው እነሱን ነው። ከመጽሔቱ አምስት ትርፍ ቅጂ ለዲፓርትመንቱ፣ ለቤተ መጻሕፍቱና ለዲኑ ቢሮ ተዉ። መጽሔቱ ላይ የሚሰፍረው የተማሪ ስልክ ቁጥር ይለወጣል፤ ከሥሩ ኢሜይል ጨምሩ። ከሦስተኛ ዓመት ሁለት ልጆች ኮሚቴው ውስጥ ቢሠሩ የሚቀጥለው ባች ከዜሮ አይጀምርም። የዲዛይኑ ክፍት (ሊስተካከል የሚችል) ፋይልም ለእነሱ እንዲሰጥ ውሉ ላይ አስጽፉ፤ ካልተጻፈ በዓመቱ ሲጠየቅ ወይ «ጠፍቷል» ይባላል፣ ወይ ለብቻው ያስከፍላል።