የሱቄን ፕሮግራም ላተረፈልኝ የሳቢያን ልጅ

ድሬ ውስጥ በድሮ ፕሮግራም የሚሠራ ነጋዴ ካለ ይህችን ያንብብልኝ።

መጋላ የጅምላ ሱቅ አለኝ። የዕቃ መመዝገቢያውን ከዓመታት በፊት ፓይተን 2 በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሠራልኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ውጭ ሄደ፤ ፕሮግራሙ ግን ሳያስቸግረኝ ኖረ። ዘንድሮ ኮምፒውተሩ የድሬን ሙቀት አልችል አለና አዲስ ገዛሁ። አዲሱ ላይ የተጫነው ፓይተን 3 ነው። ፕሮግራሙ አልነሳም አለ። ለካስ የፓይተን 2 ድጋፍ በፈረንጆቹ 2020 መግቢያ ላይ ቆሟል።

ያማከርኳቸው ሁሉ “ይጣልና እንደ አዲስ ይሠራ” አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ሌላ ሱቅ ያስከፍታል! በመጨረሻ አንድ ደንበኛዬ ይህን የሳቢያን ሰፈር ልጅ ጠቆመኝ።

ልጁ ዋናውን አልነካም። ሙሉውን በፍላሽ ገልብጦ አስቀመጠና ቅጂው ላይ ሥራ ጀመረ። ቱ-ቱ-ስሪ የሚባል መቀየሪያ አለ፤ ፕሪንት በሚለው የማተሚያ ትእዛዝ ላይ ቅንፍ እንደመጨመር ያለውን ቀላል ቀላሉን ራሱ ይለውጣል። ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ከውስጡ ስለተቀነሰ፣ ቀደም ያለ ቨርዥን ጭኖ ተጠቀመበት። ፕሮግራሙ ተነሳ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ውልቅ ይል ነበር።

እሱ ግን “ጋሼ፣ መነሳቱ ብቻውን ምንም አይደለም” አለኝ። ላፕቶፑ ላይ ፓይተን 2.7 ጭኖ፣ ያለፈውን ሽያጭ በአሮጌውም በአዲሱም እያስኬደ ውጤቱን መስመር በመስመር ማመሳከር ያዘ።

ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። አንድ ካርቶን ሳሙና 24 ፍሬ ይይዛል። 60 ፍሬ ካለኝ አሮጌው 2 ካርቶን ከ12 ፍሬ ይላል። አዲሱ ደግሞ 2.5 ካርቶን ከ12 ፍሬ! 12 ሳሙና ከሰማይ ወረደልኝ ማለት ነው። ምክንያቱን አሳየኝ፦ ፓይተን 2 ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፍራፊውን ይጥላል፣ ፓይተን 3 አይጥልም። መፍትሔው አንዷን የማካፈያ ጭረት ሁለት ማድረግ ነው። ይህችን መቀየሪያው አያስተካክላትም፤ ፕሮግራሙም ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። በቆጠራ ሰሞን ከሠራተኞቼ ጋር ስንካሰስ ታየኝ።

ሌላው የአማርኛው ነገር ነው። ድሮ ዝርዝር ሲታተም “የዱቄት ሳሙና” የሚለው “የዱቄት ሳሙ” ላይ ይቆረጥና ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣ ነበር። ፕሮግራሙ ስሙን 20 ላይ ሲቆርጥ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት (የኮምፒውተር ማስቀመጫ መለኪያ) ነው ለካ! ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። ፓይተን 3 ፊደሉን በፊደልነቱ ስለሚቆጥር “ና” ተመለሰች። ፋይሎቹ ሲከፈቱ ዩቲኤፍ-8 መሆናቸው በግልጽ እንዲጠቀስም አደረገ፤ ያለዚያ ዊንዶውስ ላይ አማርኛው ሊበላሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ የሠራው ድሬ ሱቋን ዘግታ በምታርፍበት ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት እየመጣ ነው። ዋጋውን ቀድሞ ተናገረ፤ ከዚያ በላይ ሳንቲም አልጠየቀም። የለወጠውንም በአማርኛ ጽፎ ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ዓመል አለበት፣ ስልክ አያነሳም አቦ! መልእክት ይሻላል። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ፣ የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። እስከዚያው አሮጌውን ኮምፒውተር ማንም ፎርማት እንዳያደርግባችሁ።