ዜንማፕ፦ የቤት ኔትወርክን በሥዕል ማየት

ራውተሩ የሚያሳየን የአይፒ አድራሻ ዝርዝር ለብዙ ሰው ምንም አይናገርም። ዜንማፕ ያንኑ ነገር በሥዕል ያሳያል፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን፣ ኔትወርክ ላይ ያሉ ዕቃዎችን የሚፈትሸውን ኤንማፕን ትእዛዝ መጻፍ ሳያስፈልግ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይወርዳል።

ስካን አድርጋችሁ ቶፖሎጂ የሚለውን ስትከፍቱ የራሳችሁ ኮምፒውተር መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ዕቃዎች ዙሪያውን ይደረደራሉ። ቁም ነገሩ ቀለሙ ነው። ከ3 በታች ክፍት ፖርት (በኔትወርክ ግንኙነት የሚቀበልበት በር) ያለው አረንጓዴ፣ ከ3 እስከ 6 ያለው ቢጫ፣ ከ6 በላይ ከሆነ ደግሞ ቀይ። ፕሪንተራችሁ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ፤ ለኅትመቱም ለማስተካከያ ገጹም የተለያየ ፖርት ስለሚከፍት የተለመደ ነው። የማታውቁት ዕቃ ቀልቶ ከተገኘ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በግራ በኩል ደግሞ አገልግሎቶቹን ለብቻ ዘርዝሮ የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚሠሩ ይለያል።

የሚጎድለውም አለ። ቤት ውስጥ ሁሉም አንድ ኔትወርክ ላይ ስለሆነ ሁሉም አንድ ቀለበት ላይ ይሰለፋል፣ ስለዚህ ማን በገመድ ማን በዋይፋይ እንደገባ ሥዕሉ አይነግራችሁም። የአሁን ስልኮችም እውነተኛ የማክ አድራሻቸውን (አምራቹን የሚጠቁመውን የዕቃውን መለያ ቁጥር) ስለሚደብቁ የአምራቹ ስም ላይወጣ ይችላል። ለጀማሪ ትንሽ ያደናግራል።

ስካኑን ሴቭ አድርጋችሁ ከቀጣዩ ጋር ማወዳደር እንዳትረሱ፤ አዲስ የገባውን ዕቃ የሚያጋልጠው እሱ ነው። እኔ በበኩሌ ከስልክ አፖች ይልቅ ይሄንን እመርጣለሁ፣ በተለይ ቤቱ ውስጥ የራሱ ሰርቨር ላለው ሰው። ስካን የምታደርጉት ግን የራሳችሁን ኔትወርክ ብቻ ይሁን።