ቱንታውን ወይስ ካምፕ ስኑፒ?

ደቡብ ካሊፎርኒያ ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ሁለት የካርቱን ሰፈሮች አሉ። አንዱ ዲዝኒላንድ የተባለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለው፣ በካርቱኑ አይጥ በሚኪ ማውስ የተሰየመው የሚኪ ቱንታውን ነው። ሌላው ናትስ ቤሪ ፋርም የተባለው መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ያለው፣ በካርቱኑ ውሻ በስኑፒ የተሰየመው ካምፕ ስኑፒ ነው። ፓርኮቹ ቅርብ ለቅርብ ቢሆኑም ትኬታቸው ለየብቻ ነው፤ ዲዝኒ ደግሞ ኪስ ይጎዳል።

ቱንታውን በ1993 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ልጁ ካርቱኑ ውስጥ የገባ እንዲመስለው ታስቦ ስለተሠራ ቤቱ ሁሉ ጠመም፣ ነፋ ያለ ነው። የሚኪንና የጓደኛውን የሚኒን ቤት ገብቶ መጎብኘት ይቻላል። ከ2023ቱ እድሳት ወዲህ መቦረቂያ ሣርም አለው። የዚያው ዓመት አዲሱ የባቡር ጉዞ የቁመት ገደብ ስለሌለው ትንሹም ትልቁም አብሮ ይሳፈራል። ወረፋው ግን ያስመርራል!

ካምፕ ስኑፒ በዕድሜ ታላቅ ነው፤ የ1983 እ.ኤ.አ. ነው። የሴራ ኔቫዳ ተራሮችን እንዲመስል ስለተሠራ ዛፍና ጥላ አለው። ለወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጫወቻዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ተቀራርበውም ይገኛሉ። ከፍ ላሉት ልጆች መቀመጫው የሚሽከረከር ሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፍ የሐዲድ መጫወቻ) አለ።

ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እኔ ካምፕ ስኑፒን እመርጣለሁ። ልጁ ቀኑን ሙሉ «ሚኪ፣ ሚኪ» የሚል ከሆነ ግን ምን ክርክር አለው?