ለደረቀ ዓይን የቱ ይገዛ? የዓሣ ዘይት፣ ተልባ ወይስ ቫይታሚን ኤ

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል፣ ወደ ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ይህ የያዘው ሰው መድኃኒት ቤት ሲገባ መደርደሪያው ሁሉ ተስፋ ይሰጠዋል፤ ለዚህም ነው ገንዘብ ሳይወጣ በፊት ማወዳደር የሚገባው።

ብዙ ሰው የሚገዛው የዓሣ ዘይት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ «1000 ሚሊ ግራም» ይላል። ይህ የዘይቱ ክብደት እንጂ ለዓይን ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባት መጠን አይደለም። አዙራችሁ ደቃቁን ጽሑፍ ስታነቡ በተለመደው ዓይነት ላይ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 የሚል ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ናቸው። ሲደመር 300 ብቻ! በአሜሪካ ተካሂዶ በፈረንጆች 2018 ውጤቱ የታተመው ድሪም የተባለው ጥናት፣ ዓይናቸው የሚደርቅ 535 ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሏል። ከፊሎቹ በቀን 3000 ሚሊ ግራም ኦሜጋ 3 ወሰዱ፤ ይህም ከተለመደው እንክብል አሥር ፍሬ ማለት ነው። የቀሩት የወይራ ዘይት ተሰጣቸው። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ የዓሣ ዘይቱ ግን ከወይራው ብልጫ አላሳየም። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም አቅጣኝ የምትወስዱ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩት። የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲንም ብዙ ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ ስለሚሠራ፣ ጾመኛም ሆነ ሙስሊም ምንጩን ጠይቆ ቢገዛ ይሻላል።

ተልባ ኦሜጋ 3 አለው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ሰውነታችን ወደ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ፣ ዓይን ያድናል ብዬ አልሸጥላችሁም። ነገር ግን ምግብ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ለጾምም ይሆናል። ፍሬው እንዳለ ከተዋጠ ሳይፈጭ ስለሚወጣ መወቀጥ አለበት። የተፈጨውን ከመግዛት ፍሬውን ገዝቶ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ይበልጣል፤ ዱቄቱ ሲቆይ የከረመ ዘይት ሽታ ያመጣል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተልባው ጋር አንድ ላይ አይዋጠው።

ቫይታሚን ኤን በተመለከተስ? እጥረቱ ዳፍንት ያመጣል፤ ዓይንንም ያደርቃል፤ ሲብስ ያሳውራል። በአገራችን ለሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው። ጎመን፣ ካሮትና እንቁላል በሚገባ የሚበላ አዋቂ ግን በራሱ ፈቃድ እንክብሉን መግዛት የለበትም። ትርፉ ጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የዓሣ ጉበት ዘይት ቫይታሚን ኤ ስላለበት ከተራው የዓሣ ዘይት ጋር አታምታቱት።

እኔ ጠዋት ጠዋት ተልባዬን እጠጣለሁ፤ በምሳዬ ላይ በዘይት የተሠራ ጎመን አይጠፋም። ለእንክብል ላወጣው የነበረውን ገንዘብ ሰው ሠራሽ እንባ እገዛበታለሁ፤ ጠብ ባለ ቅጽበት ቁርቆራውን የሚያስታግስልኝ እርሱ ነው። ዓይናችሁ ከቀላ፣ ከታመመ ወይም እይታችሁ ከደበዘዘ ግን ከሦስቱም አንዱን ሳትገዙ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ።