ፍሎሪዳ ስቴት የት ትዳር? ኤስኢሲ ወይስ ቢግ ቴን

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊዎች ወሬ ሲያጡ ፍሎሪዳ ስቴትን (የታላሃሲ ከተማውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን) መዳር ይጀምራሉ፤ ማለትም የትኛው ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሊግ) ይሻላታል ብለው ይከራከራሉ። አሁን ያለችው ኤሲሲ በሚባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ነው፤ እጩ ባሎቹ ኤስኢሲና ቢግ ቴን የሚባሉት ሌሎች ኮንፈረንሶች ናቸው። በ2023 መጨረሻ ከኮንፈረንሱ ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሰች፤ በ2025 ታረቀች። በእርቁ መሠረት የመውጫ ክፍያው በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030 ገደማ 75 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። የሁሉም ዓይን እዚያች ዓመት ላይ ነው።

ኤስኢሲ የሰፈር ልጅ ነው። ዋና ባላንጣዋ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ። ከታላሃሲ እሱ ወዳለበት ጌንስቪል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ሌሎቹ አባላት ጆርጂያና ኦበርንም ሩቅ አይደሉም። ደጋፊው መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል፣ አይቶ ይመለሳል። ጥያቄው ኤስኢሲ ይፈልጋታል ወይ ነው። የፍሎሪዳ የቴሌቪዥን ተመልካች በእጁ ነው። ያለውን ለምን እንደገና ይገዛል?

ቢግ ቴን ግን ፍሎሪዳ ውስጥ አንድም ቡድን የለውም። ስሙ ቢግ ቴን ይሁን እንጂ አባላቱ 18 ናቸው (ቆጠራ የተወ ይመስላል)። ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ቴሌቪዥኖች ጋር ያለው የ7 ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጉዞው ግን አይጣል! አባሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ሲያትል ድረስ መብረር ለፉትቦል በዓመት አንዴ ይቻል ይሆናል። የቮሊቦልና የሶፍትቦል ልጆች ግን በትምህርት ቀን አገር እያቋረጡ መቼ ሊማሩ ነው?

እኔ ልቤ ኤስኢሲ ነው። ሽማግሌ ቀድሞ የሚልከው ግን ቢግ ቴን ይመስለኛል። የታላሃሲ ሰዎች ከወዲሁ ካፖርት ቢገዙ አይከፋም፤ የቢግ ቴን ሰፈር የሆነችው ሚሺጋን የኅዳር ብርዷ ቀልድ አያውቅም።