ለሕፃናት ማቆያ ባለቤቶች የሚሰጥ የሕግና የንግድ ምክር፦ ወስጄው ያየሁት

የሕፃናት ማቆያ አለኝ። በቅርቡ ማቆያ ያላቸውን ሰዎች ብቻ ከሚያማክሩ ጠበቃና አብረዋቸው ከሚሠሩ የሂሳብ ባለሙያ ምክር ወስጃለሁ። እንደኔ ዓይነት ሥራ ላይ ላላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጠበቃዋ ገና ከወላጆች ጋር የምፈራረመውን ውል ሳይከፍቱ “ማታ ልጁን በር ላይ ለማን ነው የምታስረክቡት?” ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ጥያቄ ብዙ ነገር ወጣ። ልጁን እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም በጽሑፍ መኖር አለበት። ለሠራተኛዋ አዲስ የሆነ ሰው መታወቂያ ይጠየቃል። ወላጆች ከተለያዩ ደግሞ በአንዱ ቃል ብቻ ሌላውን መከልከል አደገኛ ነው። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ቅጂው በልጁ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ዳኝነቱ የኛ ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ ውሉ ላይ ሄድን። “ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊ አይሆንም” የሚለውን አንቀጽ በቀይ ሰረዙት። ብዙ ማቆያዎች ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ጋሻ ይዘውታል። በብዙ አገር ግን ጉዳቱ በቸልተኝነት የደረሰ ከሆነ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ለኔ የሚበጀኝ በዕለቱ የተጻፈ የአደጋ መዝገብ ነው። ልጁ የት ወደቀ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አጠገቡ ነበረ፣ ምን እርዳታ ተሰጠው፣ ወላጅ መቼ ተነገረው? ግምት አይጻፍም፤ የታየው ብቻ ነው የሚጻፈው። መድኃኒት ለመስጠትም የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና የሰጠችው ሠራተኛ ፊርማ ያስፈልጋል።

ጠበቃዋ ነገሩን ሁሉ ከልጁ ነው የሚጀምሩት። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 አንስተው፣ የማቆያ ደኅንነት፣ የሠራተኛ ብዛትና ብቃት፣ የክትትል ደረጃ እዚያ መጠቀሱን አሳዩኝ። ደስ ብሎኛል። ሕግ ሲባል ራስን ማዳን ብቻ የሚመስላቸው አማካሪዎች ብዙ ናቸው።

የሂሳቡ ክፍል ለኔ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። አንድ ሞግዚት 4 ጨቅላ ብቻ እንድትይዝ ተፈቅዷል እንበል። 5ኛው ሲመዘገብ ሁለተኛ ሞግዚት መቅጠር ግድ ነው፤ የዚያ የአንድ ልጅ ክፍያ ደግሞ ደሞዟን አይሸፍንም። ስለዚህ ልጅ በመጨመር መክሰር ይቻላል! ወይ 4 ላይ መቆም፣ ወይ ተጠባባቂ መዝግቦ ብዙ ልጆችን አንድ ላይ ማስገባት ይሻላል። ልጅ ሲቀርም ደሞዝና ኪራይ አይቀርም። ክፍያው ለተያዘለት ቦታ እንጂ ለመጣበት ቀን እንዳልሆነ በውሉ በግልጽ ይጻፍ አሉኝ። የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ጊዜና አርፍዶ የመውሰድ ቅጣትም እንደዚሁ።

ኢንሹራንስ ላይ አጭር ግን ጥሩ ምክር ነው የሰጡኝ፤ መጀመሪያ ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) የማይሸፍነውን አንብቡ። የልጆች ጉዞና መኪና ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ቤታቸው ውስጥ ለሚሠሩ ደግሞ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ንግድን ላይሸፍን ይችላል።

ያልወደድኩትም አለ። የሠራተኛ ጉዳይ በጣም ተቻኩሎ ታልፏል። ሰዓቷን እኛ የምንወስንላትን፣ ሥራዋን እኛ የምንቆጣጠርላትን ሞግዚት “በኮንትራት የምትሠራ” ብሎ መጻፍ ብቻውን ከአሠሪነት ግዴታ እንደማያድን ነግረውኛል። ለሞግዚቶች የሚሆን የውል ናሙና ግን አልሰጡኝም። በጽሑፍ የላኩልኝ ማጠቃለያም በሕግ ቋንቋ የታጨቀ ነው፤ ሠራተኞቼ እንዲገባቸው እንደገና መጻፍ ነበረብኝ።

የልጆችን ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለመለጠፍም እኔ ባልጠይቅ ኖሮ አይነሳም ነበር። ወላጅ ከምዝገባው ለይቶ የሚፈርመው የፈቃድ ቅጽ እንዲያዘጋጁልኝ ጠይቄ እየጠበቅኩ ነው። ቅጹ እስኪመጣ ድረስ ምንም ፎቶ አልለጥፍም።